ጥርሶቼ ሲረግፉ አያለሁ፤ ህልሜን ራሴ መፍታት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ላለፉት አራት ወራት አንድ ህልም እየተመላለሰብኝ ነው። ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ልናገር አፌን ስከፍት ጥርሶቼ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። አፌ ይሞላል። ሰው እንዳያይብኝ በመዳፌ ከድኜ እቀመጣለሁ። ከዚያ ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ስልኬን አውጥቼ ፍቺውን ስፈልግ አንዱ የቅርብ ዘመድ ይሞታል ይላል፣ ሌላው ገንዘብ ታጣላችሁ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ ሕይወት ይጀመራል። እናቴ ታማሚ ስለሆነች የመጀመሪያው እንቅልፍ ነስቶኛል። ህልም በእርግጥ ትርጉም አለው? ካለውስ ራሴ የምፈታበት መንገድ ይኖር ይሆን?»

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። ፍቺው ይቆየንና መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር እናንሳው። ህልምሽ እናትሽ እንደሚሞቱ አልነገረሽም። ህልም የሚሠራው አንጎልሽ ውስጥ ነው። አንጎልሽ ደግሞ አንቺ ካየሽው፣ ከሰማሽው፣ ከፈራሽውና ከተመኘሽው ሌላ ጥሬ ዕቃ የለውም። ነገ የሚሆነውን ከየት ያመጣዋል? የጥርስ መርገፍ ህልም በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ከሚያያቸው ህልሞች አንዱ ነው። ያየው ሁሉ ዘመድ ቢሞትበት ኖሮ ይህን የሚያነብ ሰው ባልተረፈ ነበር።

«እከሌ ግን አይቶ ደርሶበታል» የሚል አይጠፋም። ደርሶበት ይሆናል። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ብቻ ብዙ ህልም ያያል፤ በዓመት ሲደመር ከሺህ ያልፋል። ከዚያ ሁሉ አንዱ ከሆነ ነገር ጋር ሲገጣጠም ዕድሜ ልክ ይወራል። ያልገጠመውን ግን ፊታችንን ሳንታጠብ እንረሳዋለን። እናቷ የታመመችባት ልጅ ሞትን ብታልም እንኳ ስጋቷን አየች እንጂ ትንቢት አላየችም። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ሊታዘንለትም ይገባል። ግን ስጋት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ህልም ትርጉም አለው ወይ? እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም አይስማሙም። በ1953 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሴሪንስኪ እና ናታኒኤል ክላይትማን የተኛ ሰው ዓይን ከቆቡ ሥር በየተወሰነ ጊዜው በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ አሳወቁ። በዚያ ሰዓት ሲቀሰቀሱ አብዛኞቹ ሰዎች «ህልም ላይ ነበርኩ» አሉ። ይህ የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመለሳል። ወደ ንጋት ሲጠጋም እየረዘመ ይሄዳል። ጠዋት ላይ የምናስታውሰው ህልም ረጅምና ደማቅ የሚሆነው አንድም ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ስሜትን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ሞቅ ብለው ይሠራሉ። «ቆይ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የሚመረምረው የፊተኛው ክፍል ደግሞ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ህልም ውስጥ ታሪኩ ቅጥ አምባሩ ይጠፋል፤ ስሜቱ ግን የምር ነው። ይህን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ1977 የሀርቫርዶቹ አለን ሆብሰን እና ሮበርት ማካርሊ ህልም የሚነሳው ከአንጎል ግንድ ከሚመጣ ዝብርቅርቅ ምልክት ነው አሉ። የላይኛው አንጎል ያንን ተቀብሎ እንደ ምንም ብሎ ታሪክ ያስመስለዋል። ይህን የሰማ ብዙ ሰው «እንግዲያው ህልም ትርኪ ምርኪ ነው» ብሎ ደመደመ። እኔ አልደመድምም። እስቲ አሥር የማይገናኙ ቃላት ለአንቺም ለእኔም ይሰጡንና ታሪክ ሥሩባቸው እንባል። ቃላቱ በዕጣ የወጡ ናቸው። ታሪኮቻችን ግን በፍጹም አይመሳሰሉም። የአንቺ ያንቺን ጉዳይ ይዞ ይመጣል፣ የእኔም የእኔን። የህልም ትርጉም የምለው ይህንን ነው። ከውጭ የተላከ መልእክት የለም። ታሪኩን የገጣጠመችው ሴት ግን አለች።

ስለዚህ ነው የህልም መፍቻ ዝርዝሮችን የማልወዳቸው። «እባብ ጠላት ነው፣ ውሃ ሲሳይ ነው፣ ጥርስ ዘመድ ነው» የሚሉት ማለቴ ነው። አንቺ ያየሻቸው ሦስት ፍቺዎች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ሦስቱም ስለ አንቺ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ነው የፈረዱት። የሚገርመው ጥንታዊው ህልም ፈቺ እንኳ እንዲህ አይደፍርም ነበር። በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው አርጤሚዶሮስ ስለ ህልም ፍቺ አምስት መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። ፈቺው የአላሚውን ሥራ፣ ኑሮና ጤና ሳያውቅ አፉን እንዳይከፍት አጥብቆ ያሳስባል። አንድ ዓይነት ህልም ለሀብታሙና ለድሃው አንድ ፍቺ የለውም ይላል። ከ1,800 ዓመት በኋላ ስልካችን ላይ ያለው ዝርዝር ከእሱ ወደ ኋላ ቀርቷል። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ይባል የለ? እኔ እንደ አላሚው ነው እላለሁ።

የሥነ ልቦና ትንታኔ መሥራች የሚባለው ሲግመንድ ፍሮይድም በ1899 ታትሞ ሽፋኑ ላይ ግን 1900 በተባለበት ስለ ህልም ፍቺ በጻፈው ታዋቂ መጽሐፉ ዋናው ነገር አላሚው ራሱ ስለ እያንዳንዱ ምስል ምን ትዝ እንደሚለው መስማት ነው ብሏል። ጥሩ ነበር። ግን ብዙ ጊዜ የራሱን ምክር ረስቶ ሁሉንም ነገር ወደ ወሲብ ይጎትተዋል። ስለ ጥርስ ህልም የሰጠውን ፍቺ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆችም ያነባሉ።

ወደ አንቺ ህልም ስመጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ነፍስሽ አይደለም። ስትነቂ መንጋጋሽን ያምሻል? ጥርስሽ ወይም ድድሽ ውጥር ያለ ስሜት አለው? አብሮሽ የሚተኛ ሰው ካለ፣ ሌሊት ጥርስሽን ስታፋጪ ሰምቶሽ ያውቃል? ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። በ2018 ናማ ሮዘን እና ኒሪት ሶፈር ዱዴክ የተባሉ ተመራማሪዎች የጥርስ መርገፍ ህልም ከምን ጋር እንደሚሄድ መረመሩ። ከጭንቀትና ከመከፋት ጋር አልተያያዘም። የተያያዘው ከእንቅልፍ ሲነቁ ጥርስ፣ ድድና መንጋጋ ላይ ከሚሰማ ውጥረት ጋር ነው። የተኛ ሰው ከሰውነቱ የሚመጣውን ስሜት ህልሙ ውስጥ ይሸምነዋል፤ ሽንቱ የመጣበት ሰው ሌሊቱን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ሲፈልግ እንደሚያድረው። ህልም ፍቺ ፈልገሽ መጥተሽ ወደ ጥርስ ሐኪም ስልክሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ፣ ግን ሂጂ።

እሺ፣ ጥርስሽ ሰላም ነው እንበል። ወይም ታፋጫለሽ፣ ግን ህልሙ ለምን ጥርሱን ስብሰባ ላይ እንዳረገፈው ማወቅ ትፈልጊያለሽ። መንጋጋ ጥርሱን ያመጣ ይሆናል፤ ስብሰባውን ግን አላመጣም። እዚህ ጋ ነው የራስሽ ሥራ የሚጀምረው።

ህልሙን ጻፊው። በአእምሮዬ ይዤዋለሁ አትበዪ፣ አልያዝሽውም። በነቃሽ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙው ይሄዳል፤ የቀረውን ደግሞ ሳታስቢው ታሳምሪዋለሽ። ስትነቂ አትነሺ። በተኛሽበት ጎን ዓይንሽን ጨፍነሽ ትንሽ ቆዪ። ስልክ አትንኪ፤ አንድ መልእክት ካነበብሽ ህልሙ በነነ ማለት ነው። ከዚያ መጀመሪያ ስሜቱን ጻፊ፣ ታሪኩን ቀጥሎ። «እገባለሁ፣ አያለሁ፣ እሸሻለሁ» እያልሽ አሁን እንደሚሆን አድርገሽ ጻፊው። ያልገባሽን ቦታ አትሙዪ፤ «እዚህ ጋ ጠፍቶኛል» ብለሽ እለፊው። ከሥሩ ትናንት ምን እንደተፈጠረ ጻፊ፤ ከዚያም ከአምስትና ከሰባት ቀን በፊት የነበረውን። ህልም ውስጥ የትናንት ቁርጥራጭ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላ ነገር ግን አለ፤ ሳምንት ገደማ የሆነው ነገርም ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው «ይሄ ከየት መጣ?» የሚለው ባለፈው ሳምንት የሆነውን ስለረሳው ነው።

ሁሉንም ህልም መፍታት አይጠበቅብሽም። አብዛኛው «ህልም እልም» ተብሎ የሚታለፍ ነው። የሚደጋገመውን፣ የሚያስደነግጠውን ወይም ቀኑን ሙሉ ከሐሳብ የማይወጣውን ያዢ።

አሁን ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽን ስሜት እናምጣው። ኧርነስት ሃርትማን የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባድ አደጋ ያለፈባቸውን ሰዎች ህልም ሰብስቦ ነበር። ከእሳት ያመለጠ ሰው እሳት ብቻ ያያል ብለን እንጠብቃለን። ብዙዎቹ ግን ግዙፍ የባሕር ማዕበል ሲጠርጋቸው ያያሉ። ማዕበል ውስጥ ገብተው አያውቁም። ህልሙ የሳለላቸው የደረሰባቸውን ነገር ሳይሆን ስሜቱን ነው፤ «ተዋጥኩ፣ አቅም አጣሁ» የሚለውን። ስለዚህ ህልም ስትፈቺ «ጥርስ ምን ማለት ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። «ምን ተሰማኝ?» ብለሽ ጀምሪ።

የጻፍሽልኝን እንደገና አነበብኩት። የሞት ፍርሃት ህልሙ ውስጥ የለም። ደምም ሕመምም አላነሳሽም። ስለ ጥርሶቹ «አሳዘኑኝ» እንኳ አላልሽም። ያልሽው «ሰው እንዳያይብኝ» ነው። መዳፍሽ አፍሽ ላይ ነው። ሞት ህልሙ ውስጥ አልነበረም፤ ከነቃሽ በኋላ ከስልክሽ ነው የገባው። እኔ እዚህ ገመና የመሸፈን ነገር ይሸተኛል፤ ሐፍረት ልበለው? ቃሉን አንቺ ምረጪ። ከእኔ ቃል የአንቺ ይበልጣል፤ የነቃሽው አንቺ ነሽና።

ከዚያ ምስሎቹን አንድ በአንድ አንሺ። እኔ የምወደው ዘዴ የሞኝ ይመስላል። ጥርስ የሚባል ነገር አይቶ ለማያውቅ ፍጡር ጥርስ ምን እንደሆነ አስረጂው። አንዷ ሴት «የምነክስበት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ስስቅ የሚታየው ነው»፤ ሦስተኛዋ «ሲያረጁ የሚሄድ ነገር ነው»። ሦስቱ ሴቶች አንድ ህልም አይተው ሦስት የተለያዩ በሮች ከፈቱ። ስብሰባንም እንዲሁ አስረጂ፦ ሰዎች ለምን ይሰበሰባሉ? ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል? መዳፍን አትርሺ። ብዙ ሰው ጥርሱ ላይ ተጠምዶ መዳፉን ያልፈዋል፤ እኔን ግን ከሁሉ የገረመኝ መዳፉ ነው። ጥርስ ራሱ ይረግፋል፣ ማንም አያዘውም። መዳፍሽን ግን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። በህልም ውስጥ የሆነብሽንና ያደረግሽውን ለይተሽ እዪ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው ካደረግሽው ላይ ነው።

ድፍረቱ ካለሽ በምስሉ ቦታ ሆነሽ ተናገሪ። «እኔ የረገፍኩ ጥርስ ነኝ፣ ለዓመታት አፏ ውስጥ…» ብለሽ ቀጥዪ። ብቻሽን ስትሆኚ ይሁን፤ ቤተሰብ ከሰማሽ ሌላ ነገር ይጠረጠራል። ግን አንዳንዴ ሳታስቢው የምትናገሪው ዓረፍተ ነገር ራስሽን ያስደነግጥሻል።

የመጨረሻው ድልድዩ ነው። ይህ ስሜት፣ ይህ ሸፋፍኖ ዝም የማለት ነገር፣ በቀን ሕይወቴ የት አለ? አራት ወር ነው ብለሻል። ከአራት ወር በፊት ምን ተፈጠረ? ሥራ ቦታ አዲስ ኃላፊነት? የእናትሽ ሕመም የታወቀው ያኔ ነው? እናቷ እንደታመመች ለባልደረቦቿ ሳትነግር፣ ስብሰባ ላይ ደህና መስላ የምትቀመጥ ሴት ትታየኛለች። ይህ የእኔ ግምት ብቻ ነው፤ ካልገጠመ ጣይው።

«ጣይው» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በፍቺ ላይ ትልቁ ወጥመድ መስማት የምንፈልገውን መስማት ነው። በ2009 ኬሪ ሞርዌጅ እና ማይክል ኖርተን እንዳሳዩት ሰዎች ለህልማቸው ክብደት የሚሰጡት ከወዲሁ ካላቸው አቋም ጋር ሲገጥም ነው። ስለሚወዱት ሰው ጥሩ ህልም ካዩ «ትርጉም አለው» ይላሉ። ስለዚያው ሰው መጥፎ ካዩ «እሱማ ቅዠት ነው»። ስለሚጠሉት ሰው መጥፎ ሲያዩ ደግሞ እንደገና ትርጉም ይኖረዋል። እኔም አላመለጥኩም። አንድ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ እስክሪብቶዬን ሰርቆ ሲሄድ አየሁ። «ልቤ ያወቀውን ህልሜ ነገረኝ» ብዬ ለአንድ ሳምንት አኮረፍኩት። በኋላ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ከህልሙ በፊት በነበረው ቀን የእሱን ሐሳብ እንደ ራሴ አድርጌ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ሌባው እኔ ነኝ እንግዲህ። እስክሪብቶ ግን በእሱ እጅ ላይ ባየው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፍቺ ብቻ ይዤ አላድርም። ቢያንስ ሦስት እጽፋለሁ፣ አንዱ እኔን የሚወቅስ እንዲሆን አድርጌ። ከዚያ የትኛው የህልሙን ዝርዝር ይበልጥ እንደሚያስረዳ አያለሁ። ጥርሱን አስረድቶ መዳፉን ያልነካ ፍቺ ግማሽ ነው። ቀድሜ የማውቀውን ብቻ የሚደግምልኝም አይጠቅመኝም። «አሃ!» የሚለው ስሜት ደስ ይላል፤ ቢሆንም ሳምንት አሳድሪው። ሳምንት ቆይቶ ከቀዘቀዘ «አሃ» አልነበረም። ሌላው ደግሞ አንድ ህልም ብዙ አይናገርም። ካልቪን ሆል የተባለው ተመራማሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ህልሞችን ሰብስቦ ያየው ነገር ቢኖር፣ የአንድ ሰው ህልሞች በተርታ ሲደረደሩ ቀን የሚያሳስበው ጉዳይ ግልጽ ብሎ እንደሚወጣ ነው። ስለዚህ አሥራ አምስት ሃያ ህልም እስኪጠራቀም ታገሺ። እስከዚያ ድረስ በህልም ምክንያት ከማንም አትጣዪ፣ ሥራም አትልቀቂ፣ ባልሽንም አትጠርጥሪ።

አሁን ደግሞ ህልም ፈቺዎች የማይነግሩሽ ነገር። መጥፎ ህልም ሳይፈታም ሊለወጥ ይችላል። ባሪ ክራኮቭ እና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት በወሲባዊ ጥቃት ምክንያት ለዓመታት ቅዠት ያሰቃያቸውን ሴቶች አንድ ቀላል ነገር አስተማሯቸው፤ ቅዠታቸውም ቀነሰ። ቀን፣ ነቅተሽ ሳለሽ፣ ህልሙን በፈለግሽው መንገድ ለውጠሽ ጻፊው። ከዚያ አዲሱን በየቀኑ ለአሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ዓይንሽን ጨፍነሽ እዪው። አሮጌውን አትለማመጂ፣ አዲሱን ብቻ። ለምሳሌ ጥርሱ ይርገፍ፣ ግን መዳፍሽን አውርጂና ጠረጴዛው ላይ ደርድሪያቸው፤ ሰዎቹ ምን ይላሉ? ወይም ጨርሶ ሌላ ነገር ይሁን። እንዴት እንደምትለውጪው ምርጫው ያንቺ ነው፤ የመረጥሽው ለውጥ ራሱ ብዙ ጊዜ ከየትኛውም ፍቺ በላይ ይናገራል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ቅዠቱ በየሳምንቱ እየመጣ መተኛትን የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ ወይም በእውን የደረሰብሽን ነገር ህልሙ እንዳለ የሚደግመው ከሆነ፣ ብቻሽን አትታገዪው። አንዳንድ የደም ግፊትና የድባቴ መድኃኒቶችም ህልምን ያደምቃሉ፤ ህልሙ አዲስ መድኃኒት ከጀመርሽ በኋላ የመጣ ከሆነ ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪ፣ በራስሽ ግን አታቋርጪ። ህልሙን በሰውነቱ የሚኖረው ሰው፣ ማለትም እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚራገጥ፣ የሚማታና የሚጮህ፣ በተለይ ዕድሜው ከ50 ካለፈ የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ያ የፍቺ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ጥርስ ሐኪሙን አይተሽ፣ የሁለት ሦስት ሳምንት ማስታወሻ ይዘሽ ተመልሰሽ ጻፊልኝ። አንድ ነገር ግን አትርሺ። ልትናገሪ አፍሽን እንደከፈትሽ ነግረሽኛል። ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ልትናገሪ የነበረው ምን እንደሆነ ግን የትም አልጻፍሽውም።